የኡስታዝ ረፊቅ ጥያቄ

በሕይወቴ ብዙ ውሸታሞች አውቃለሁ፤ ከአብዛኞቹም ጋር ተስማምቼ ኖሬአለሁ። ያስፈሩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ተናጋሪዎች ነበሩ። አንደኛው የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁለተኛው የእህቴ ባል ነው። ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ሜዳ ላይ ተገናኙ። እኔም ያጣሁትን ሁሉ ያጣሁት በዚያ ቀን ነው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ። ሳዑዲዎች ወረቀት ለሌለው የውጭ አገር ሰው የሰጡት የምሕረት ጊዜ ያበቃበት ሰሞን። እኔ ያኔ የፓኪስታንና የህንድ ሠራተኞች ልጆች በሚማሩበት አንድ የግል ትምህርት ቤት የሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ። ኢቃማ ነበረኝ። መኖሪያ ፈቃዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ልቤን የምዳብሰው የልብ ሕመምተኛ ሆኜ አልነበረም። ከዚያ በፊት ደሴ መጽሐፍ ሻጭ ነበርኩ። የዚህ ሥራ ጉዳቱ ያልተሸጠውን ሁሉ ባለቤቱ ማንበቡ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ጉዳይ ላይ አስተያየት ነበረኝ። ስለ እውነት የነበረኝ አስተያየት አጭር ነው፤ እውነት መናገር ኢቃማ ላለው ሰው የተፈቀደ ቅንጦት ነው እል ነበር።

የሒሳብ መምህሩ ኡስታዝ ረፊቅ ይባላሉ። ላሆር የተወለዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ሄደው ለአንድ ካውንቲ ክሪኬት ተጫውተዋል። ካውንቲ እንደ እኛ የድሮ አውራጃ ያለ ነገር ነው፤ ለአውራጃ ተመርጦ የተጫወተ ሰው በሰፈሩ እስኪሞት እንዴት እንደሚከበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉልበታቸው ሲጎዳ ወደ ጠመኔ ተመለሱ። ጨዋታውን ግን ጂዛን ድረስ ይዘውት መጡ። ጁምዓ ጁምዓ ከባሕሩ አጠገብ ባለው ጨዋማ ሜዳ ላይ ፀጉር አስተካካዩን፣ የጋራዡን ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያኑን ሰብስበው ያጫውታሉ። ዳኛው እሳቸው ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ የቀሩት ፀሐይ ላይ ተበታትነው ይቆማሉ። የተመታውን ኳስ መሬት ሳይነካ አየር ላይ የያዘ ሰው መቺውን ከጨዋታ ያስወጣዋል። ለዚህ ታሪክ ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም። እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ተጫዋቾቹን አምጥቼ በሚኒባሱ ጥላ ሥር መጽሐፍ የማነብ ሰው ነበርኩ።

ኡስታዝ ግን ከካውንቲው ያመጡት አንድ ልማድ ነበራቸው። ኳሱ መሬት መንካት አለመንካቱን ካላዩ፣ ወደ ያዘው ሰው ይሄዱና ይጠይቁታል። «ይዘኸዋል?» እሱ ያለው ይጸድቃል። ምስክር የለም፣ ይግባኝ የለም።

«እኛ ዘንድ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «በያዘው ኳስ የዋሸ ሰው ምሳ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ አያገኝም ነበር።»

«እንግሊዞች አገር ሲወስዱ ሳይጠይቁ፣ ኳስ ሲይዙ ይጠያየቃሉ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ሰው የሆነ ቦታ ላይ መጠየቅ አለበት፣ ሙሐመድ። እነሱ ኳሱን መረጡ።»

አሁን ወደ እህቴ ባል ልምጣ። ሰይድ የታናሽ እህቴ የዘሃራ ባል ነው፤ የወረባቦ ልጅ። በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ፣ ያለ ወረቀት ገብቶ ዓል-ዓሪዳ በሚባለው የድንበር ተራራ ለአንድ ሽማግሌ ፍየል ሲጠብቅ ዓመታት አሳልፏል። የምሕረቱ ጊዜ አልቆ «ሕገወጥ ያሳደረ አብሮ ይቀጣል» ሲባል፣ ሽማግሌው አቅፎት አለቀሰና አሰናበተው። ሰይድ ቁልቁለቱን ወርዶ እኔ ክፍል መጣ። ሕገወጥ ያሳደረው ሰው ያን ጊዜ እኔ ሆንኩ።

«ቢይዙህ ምን ይመጣል?» አልኩት በመጣ ማግስት፣ ላጽናናው ፈልጌ። «አውሮፕላን ላይ ጭነው አገርህ ይወስዱሃል። በነፃ።»

«እሱማ ደግ» አለ። «አገሬ ገብቼስ ጋሼ ሙሄ? ምን ሠርቼ? ተመልሼ መምጣቴ አይቀርም። ያ ባሕር ደግሞ ሁለቴ አያሳልፍም። ከኛ መንደር አብረን ከተሳፈርነው ማን ቀረ? እኔ።»

ይህን ሲል እግሩን እያሻሸ ነበር። ስለ ፍየል የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

በዚያ ጁምዓ ከሶላት ስወጣ ፀጉር አስተካካዩ ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ ከዓስር ሶላት በኋላ ሰፈራችሁ ይፈተሻል» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤት ለቤት።»

ክፍሌ አንድ በርና አንድ መስኮት አላት፤ ሁለቱም ወደዚያው መንገድ ነው የሚከፈቱት። ሰይድን መንገድ ላይ ላወጣው አልችልም፤ በየማዕዘኑ ፒካፕ ቆሟል። ወደ ተራራው ልመልሰው አልችልም፤ ኬላ አለ። ብዙ ያነበበ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያስበው እንደ ብልህ ሰው ሳይሆን እንደ ደራሲ ነው። እኔም እንዲያ አሰብኩ። ሰው ሁሉ የሚደበቀውን ጨለማ ውስጥ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰይድን ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ።

የኡስታዝ ቡድን ውስጥ ጁማ የሚባል ሰው ነበር። የካራቺ ሰው ነው፤ ግን ከጥንት ጀምሮ ከአፍሪካ ተሻግረው እዚያ ባሕር ዳር ከሰፈሩት ዘሮች የተወለደ፣ ከኛ የማይለይ ጥቁር። ደሴ ፒያሳ ብታቆሙት መንገድ ይጠይቁታል። ጁማ በዚያ ወር ለእረፍት አገሩ ሄዷል። ነጭ ሸሚዙና ሱሪው ግን ሚኒባሱ ውስጥ፣ የቡድኑ ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። ሜዳው ላይ ጥቁር ሰው ሁልጊዜ ይቆማል፤ ሹርጣዎቹም፣ ፖሊሶቹ፣ ለምደውታል። አንድም ቀን ወረቀት የጠየቀ የለም። በዚያ ፀሐይ ነጭ ለብሶ ቆሞ ምንም የማይሠራን ሰው እንደ እብድ ነው የሚያዩት፤ እብድ ደግሞ ኢቃማ አይጠየቅም።

ኡስታዝን ቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸው።

«በጁማ ቦታ የሚቆም ሰው አለኝ» አልኳቸው።

«ማነው?»

«የእህቴ ባል። ከ—»

እጃቸውን አነሱ። «አትንገረኝ። ካወቅሁ፣ ስጠየቅ እናገራለሁ። እኔን ታውቀኛለህ።»

«እሺ።»

«ኳስ መያዝ ይችላል?»

«ገደል ላይ ፍየል ይይዛል።»

«ይህንንም መንገር አልነበረብህም» አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያደረጉ።

ሰይድ የጁማን ልብስ ለብሶ ራሱን ቁልቁል አየ። ሱሪው አጥሮታል። «ጋሼ፣ ይሄ የሙሽራ ነው የከፈን?»

«ዝም በል። ዛሬ ሥራህ ዝም ማለት ብቻ ነው። የሜዳው ጫፍ ላይ ትቆማለህ። ኳስ ከመጣ መልሰህ ትወረውራለህ። ካናገሩህ ትስቃለህ። ዓረብኛህ የዓሪዳ እረኛ ዓረብኛ ነው፤ አንድ ቃል ካወጣህ የት እንደኖርክ የሰማህ ሁሉ ያውቃል። ፓኪስታኒ እንዳንተ አይናገርም።»

«ቢሰድቡኝስ?»

«ትስቃለህ።»

«ይሄንንስ ለምጄዋለሁ» አለ።

በሚኒባሱ ስናልፍ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ፒካፖቹ ተደርድረዋል። አንድ ወጣት ወታደር ወደ ውስጥ አየ፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ነጭ የለበሰ ጥቁር፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ መምህር። እጁን አወዛወዘ፤ ያላ፣ እለፉ ማለቱ ነው። በብልጠቴ ኮራሁ። ይህን የምነግራችሁ በኋላ እንድትስቁብኝ ነው።

ሜዳው የደረቀ ጨው ነው፤ ስትረግጠው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ ወደ ፋራሳን ደሴት የምትሄደው መርከብ ሩቅ ላይ ቆማ እንደሁ እየሄደች እንደሁ አትለይም። በሌላው በኩል መንገዱ። ሰይድን ወደ መንገዱ በኩል፣ ድንበሩን ከሚያሳዩት ድንጋዮች አጠገብ አቆሙት። ተጫዋቾቹ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ማንም ምንም አልጠየቀም። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ «ጁማ አገሩ ሄዶ ከሳ እኮ» ብሎ ጮኸና ሁሉም ሳቁ። ሰይድም ሳቀ። ታዛዥ ሰው ነበር።

የዚያን ቀን ተጋጣሚዎቹ ከጋራዦቹ የመጡ ህንዶች ነበሩ። ዋናው መቺያቸው ሻጂ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቀጭን፣ ተከራካሪ፣ ሲመታ የሚያፏጭ። ጨዋታው ተጀመረ። እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። አንድ መስመር አላነበብኩም። ከሰፈሩ በኩል የውሻ ጩኸትና በር የሚደበደብ ድምፅ በነፋሱ ይመጣል፣ ይጠፋል።

ከዚያ ፒካፗ መጣች።

ከመንገዱ ወረደች፣ ቀስ ብላ ጨዉን እየሰበረች መጥታ ቆመች። ሰፊውን ሜዳ ሁሉ ትታ፣ በትክክል ከሰይድ ጀርባ። ሁለት ሰዎች ነበሩባት፤ ያ እጁን ያወዛወዘልን ወጣት፣ ሌላው ጎልማሳ አለቃው። መስኮቱ ወረደ። አልወጡም። አልጠሩም። ሲጋራ ለኩሰው ያያሉ። በኋላ እንደገባኝ የሚጠብቁት ሌላ መኪና ነበር፤ እስኪመጣ ጊዜ ማሳለፊያ ፈልገው ነው። ያኔ ግን ይህን አላውቅም።

ሰይድ አልዞረም። ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ሸሚዝ በላብ ተጣብቆ ቆዳው ሲታይ ከሜዳው ማዶ ሆኜ አየሁት። እኔም መንቀሳቀስ አልቻልኩም፤ ወደሱ ብሄድ አመለክተዋለሁ፣ ብሸሽ ራሴን አመለክታለሁ። ኡስታዝ ፒካፗን አዩ፣ ሰይድን አዩ፣ እኔን አላዩም። «ቀጥል» አሉ ለወርዋሪው።

ኳስ ተወረወረ፣ ተመታ፣ ተመለሰ። እንደገና። ጎልማሳው ሹርጣ በሩን ከፍቶ ወጣና ሞተሩ ላይ ተደገፈ። ጨዋታውን ለመረዳት የሚሞክር ይመስላል። አንዴ ሻጂ አምልጦት ሲወድቅ ሳቀ። ሰይድ ከሱ የቆመበት ርቀት ሁለት ሰው ሳይጮህ የሚያወራበት ነው።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ሻጂ እያፏጨ አንዱን ኳስ ወደ ላይ መታው። ኳሱ ከፍ አለ፣ ለአፍታ ጠፋ፣ ከዚያ ወደ ሰይድ መውረድ ጀመረ። «ተወው» አልኩ በልቤ። ልብ አይሰማም። ሰይድ ሮጠ፣ ወደ ፊት ተወርውሮ በደረቱ ጨዉ ላይ ወደቀ፣ ሲነሳ ኳሱ እጁ ውስጥ ነበር።

ቡድኑ በሙሉ ጮኸ። ወጣቱ ወታደር ከመኪናው ውስጥ አጨበጨበ። ሻጂ ግን አልተንቀሳቀሰም። «መሬት ነክቷል» አለ። «አልነካም» አሉት። «ነክቷል፣ አቧራውን አይቻለሁ።» «ዓይንህን ታከም።» የዘጠኝ ሰው ክርክር በሦስት ቋንቋ ተነሳ።

ኡስታዝ ከቆሙበት አላዩም ነበር። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ሰይድ መሄድ ጀመሩ።

ያን አካሄድ እስካሁን አልረሳውም። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ቀስ ይላሉ፤ ሜዳው ደግሞ ረጅም ነው። ለመመለስ ጊዜ ነበራቸው። ለማስታወስ ጊዜ ነበራቸው። ዝም ብለው ጣታቸውን አንስተው «ወጥቷል» ቢሉ ሻጂ ያጉረመርማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሹርጣዎቹ መኪናቸው ሲመጣ ይሄዳሉ። እኔ ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነስቼ ከኋላቸው እየሄድኩ ነበር። አልደረስኩም።

ሰይድ ፊት ቆሙ። ኡርዱ አይችልም፣ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ስለዚህ በዓረብኛ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይዘኸዋል?»

ሰይድ ኳሱን አየ። መምህሩን አየ። ሊስቅ ይችል ነበር፤ አስጠንቼዋለሁ። ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር።

«የለም፣ ወላሂ» አለ፣ በዚያ በተራራው አነጋገር፣ ጥርት አድርጎ። «አፈር ነክቷል። ከአፈሩ ላይ ነው ያነሳሁት።»

 መጀመሪያ የሰማሁት የጎልማሳውን ሹርጣ ሳቅ ነው። የደስታ ሳቅ ነበር።

«አጎቴን መሰልከኝ» አለው እየቀረበ። «እኔ የዓሪዳ ልጅ ነኝ። ይህን ንግግር ከየት አመጣኸው?»

ሰይድ አሁን ሳቀ። ጊዜው አልፎ ነበር።

የሹርጣው ፊት ቀስ በቀስ ሥራውን አስታወሰ። ወደ ኡስታዝ ዞረ። «ኡስታዝ፣ ይህ ሰው ማነው?»

«ተጫዋቼ ነው።»

«እሱን አይቻለሁ። ከየት ነው?»

ኡስታዝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግንባራቸውን ጠረጉ። መልሰው አደረጉት። 

«ከካራቺ» አሉ።

አዋሻሸታቸው ያሳፍር ነበር። መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ያሉት። እኔ ሹርጣው ብሆን እንኳ ባዘንኩላቸው።

«ኡስታዝ» አለ ሹርጣው፣ በአክብሮት። «እርግጠኛ ነዎት?»

ሁለተኛውን ውሸት ሰይድ አላስወጣቸውም። «ኸላስ፣ ይብቃ፣ ኡስታዝ» አለ። ኳሱን በሁለት እጁ አቀበላቸው። «ሐበሻ ነኝ። ኢቃማ የለኝም። እኚህ ሰው አያውቁኝም፣ ዛሬ ነው ያዩኝ።»

«እዚህ ድረስ ማን አመጣህ?» አለው ሹርጣው።

«እግሬ።»

«ነጩን ልብስስ? እሱንም እግርህ አለበሰህ?»

ወጣቱ ወታደር ሳቀ። ያኔ እኔ አጠገባቸው ደርሼ ነበር። አሁን የማወራው ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ጀግና የሚያደርገውን ያውቃል። እኔ የሰማሁት ራሴ ስናገር ነው። ሰው አጠገቡ ሲያዛጋ የሚያዛጋው ወዶ አይደለም።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኩ። «የእህቴ ባል ነው። እኔ ቤት ነው የሚያድረው።»

ሹርጣው ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። የተናደደ ይመስላል። «ዛሬ ምን ነካችሁ?» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው እውነት ሳይነግረኝ ሰነበትኩ። አሁን ተሰለፋችሁልኝ?» ወደ እኔ ዞረ። «ኢቃማ አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ አፍህን ምን ከፈተው?»

 እጁን ዘረጋ፤ ላስቲኩን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። «ያላ» አለ፣ ወደ ፒካፗ ጀርባ እያሳየ።

ስንነሳ ወደ ኋላ አየሁ። ኡስታዝ ወደ ሻጂ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ አልወጣህም፣ ቀጥል ማለታቸው ነው። የጠየቁትን መልስ ተቀብለው ፈረዱ። ሻጂ ግን መምቻውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ማንንም ሳያይ፣ ከሜዳው ወጥቶ ሄደ።

ስለገባንበት የማቆያ ግቢ ብዙ አልጽፍም፤ የነበሩበት ያውቁታል፣ ያልነበሩበት አያምኑም። የወሎ፣ የትግራይ፣ የጅማ ሰው፣ መስቀል ያሰረና መስገጃ የያዘ፣ ቆርቆሮ ሥር ተራ እየጠበቀ ይተኛል። ስሙ የተጠራ ይሄዳል። ሌላው ጆሮውን ከድምፅ ማጉያው ላይ አያነሳም።

ኡስታዝ በማግስቱ መጡ። በአጥሩ ሽቦ በኩል ተምርና ውኃ አቀበሉኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አሉ። «ሜዳ ላይ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።»

«ስለ ውሸቱ?» አልኳቸው። ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ውሸቱ እኮ ጥሩ ነበር። አበላሽተው ዋሹት እንጂ። ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥያቄው ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ ሹርጣ ፊት፣ ለአንድ ኳስ።»

«አዎ» አሉ። «ስሄድ አውቄዋለሁ።»

«አውቀው?»

«ግማሽ ላይ ስደርስ አወቅሁ። ግን ሁሉም ያዩኛል። ሁሉንም ጠይቄ እሱን ብቻ ሳልጠይቅ ብፈርድ፣ እሱ እንደኛ ሰው አይደለም ማለት ነው መሰለኝ።» ሽቦውን በጣታቸው ያዙ። «ተሳስቼ ይሆናል። አላውቅም፣ ሙሐመድ። ሒሳብ አይደለም።»

ተናድጄ ትቻቸው ሄድኩ። ሰይድ ቆርቆሮው ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበር። ተምሩን ሰጥቼው እሱንም ጮህኩበት። ከመምህሩ ያልወጣልኝ ንዴት ነበር።

«ዝም በል አላልኩህም? ሳቅ አላልኩህም?»

«ብለውኛል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ተምሩን አላየውም። «እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርኩ» አለ። «ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ፍየሏ የት ጠፋች፣ ማን አሻገረህ፣ ስምህ ማነው። መልሱን ይዘው ነው የሚጠይቁኝ። እኒያ ሽማግሌ ግን እኔ ያልኩት ሊሆን ነው የጠየቁኝ። ዓይናቸውን አይቼዋለሁ። የለም ብል የለም፣ አዎ ብል አዎ። እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። ምን ልበል ብዬ አላሰብኩም፣ ጋሼ። ወጣ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላናገርኩትም።

ስማችን በአንድ ቀን ተጠራ። የእኔም ኢቃማ ተሰርዞ ነበር። አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ እህቴ ቤት። ዘሃራ ውኃ አቀረበችልን፣ ሁሉንም ሰማች፣ አንዴም አላቋረጠችም። ስንጨርስ ባሏን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ሰው ዓመታት ሙሉ በስልክ ምን ይለኝ እንደነበር ያውቃሉ? ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው ይለኛል። ማራገቢያ ያለው ክፍል አለኝ ይለኛል። ምን በላህ ስለው ሥጋ ይለኛል። ወረቀቴ በእጄ ነው ይለኛል።» ቀሚሷን እግሯ ላይ አስተካከለች። «ለኔ ይሄን ሁሉ መዋሸት የቻለ፣ ለኳስ አንዲት ውሸት አጣ?»

ሰይድ አንገቱን ደፋ።

«አሁን እኔ ልጠይቀው» አለች። «እንደዚያ ሽማግሌ። ያልከውን እቀበላለሁ፣ ሰይድ። ተመልሰህ ትሄዳለህ?»

ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ይዋሽ ብዬ ጸለይኩ። አላፍርበትም፤ ለአንድ ውሸት እንዲያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

«እሄዳለሁ» አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ የውኃውን ዕቃ ሰበሰበች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምክር የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ሰው ዘንድ ሂዱ። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ደጋግ ሰዎች ሁሉ መጨረሻው ላይ የሚያምር ነገር ሊሰፉበት ይሞክራሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉኛል። እኔ ያየሁት እውነት አላደረም፤ በዚያው ከሰዓት ፒካፕ ላይ ተጭኖ ሄደ። እውነት መናገር ቅንጦት ነው የሚለው የድሮ አስተያየቴም ግን አብሮኝ አልተመለሰም። ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ሰይድ ከየት አመጣው? ያ መሬት ሁሉን ነገር ነጥቆት፣ አንድ ሰው መጥቶ ያለህን ስጠኝ ሲለው፣ የቀረው ያ ነበር። ሰጠው። ደግ አደረገ አልልም። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር እንዳልል ግን ኢቃማዬን ያስረከብኩት እጅ ይኸው፣ የምጽፍበት ነው።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አሁን ደሴ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤ አስተያየትም አላጣሁም። ሰው መጠየቅ ግን እፈራለሁ። ልጄን «የት አመሸህ» ከማለቴ በፊት፣ ደንበኛዬን «ተመችቶሃል» ከማለቴ በፊት፣ የሚለኝን ልቀበል ነው ወይስ ለወጉ ነው እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ለወጉ ሆኖ ስለማገኘው ዝም እላለሁ። ኡስታዝ ረፊቅም፣ ጁማ በስልክ እንደነገረኝ፣ ከዚያ ጁምዓ ወዲህ ዳኝተው አያውቁም። ሜዳው ዳር ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ክርክር ሲነሳ ወደ ባሕሩ ያያሉ።

ሰይድ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሄደ። አንዴ ደወለ፤ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ፣ ድንበሩ አጠገብ ሆኖ። ዘሃራ ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«ደኅና ነህ?» አለችው።

መስመሩ ውስጥ ነፋስ ነበር።

«አይደለሁም፣ ዘሃራ» አላት።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም።